ሥነ ምህዳራዊ አሻራና የምድር አቅም፦ ከአራዳ ሲታይ

ፒያሳ ቁጭ ብለው በያይነቱ ሲያዝዙ ትሪው ላይ የሚቀርበው ሁሉ መሬት ይፈልጋል። ጤፉ ማሳ፣ ዘይቱ የኑግ እርሻ፣ ምጣዱ ማገዶ ወይም መብራት። ይህ ሁሉ ሲደመር ስንት መሬት ይሆናል? ሥነ ምህዳራዊ አሻራ የሚባለው ስሌት የሚመልሰው ይህንን ነው።

ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት የካናዳው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ዊልያም ሪስና ተማሪያቸው ማቲስ ዋከርናገል ናቸው። እርሻ፣ ግጦሽ፣ ደን፣ ዓሣ የሚሰገርበት ውኃና ቤት ያረፈበት መሬት ይቆጠራሉ። በዚያ ላይ የነዳጁን ጭስ መጥጦ ለማስቀረት የሚያስፈልገው ደን ይጨመራል፤ ትልቁ ድርሻም እሱ ነው። መለኪያው ግሎባል ሄክታር ይባላል፤ የዓለምን አማካይ ምርታማነት የያዘ ሄክታር ማለት ነው። ምድር በዓመት መተካት የምትችለው ደግሞ ሥነ ሕይወታዊ አቅም ይባላል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው 1.5 ግሎባል ሄክታር ገደማ ሲሆን የምንጠቀመው ግን በአማካይ ከ2.5 በላይ ነው። ምድር ለፈረንጆቹ 2025 የነበራት የዓመት ቀለብ በእኛ ሐምሌ 17 ቀን (በእነሱ ጁላይ 24) አለቀ ተብሏል።

አዲስ አበባ ይህን ጣጣ ስም ሳይወጣለት ቀምሳዋለች። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጥድና ወይራው በእጅ የሚደረስበት ነበር። ብዙ ሳይቆይ ዙሪያው ተራቆተ፤ እንጨት ፍለጋ የሚኬድበት መንገድም ራቀ። አፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማችንን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የተገኘው ይህ ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ እንደገባ ይነገራል። ያስመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላ ስም የሚያነሱም አሉ። እንዲስፋፋ ያደረጉት ግን ምኒልክ መሆናቸው አያጠያይቅም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ እንጀራ ጋገረ፣ ግንዱ የጭቃ ቤት ማገር ሆነ። መናገሻው እዚሁ ጸና፤ አዲስ ዓለም የተጀመረውም ግንብ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መሐል ከተማ ፎቅ ሲሠራም ብዙ ቦታ ሠራተኛው ሲወጣ የኖረው በአጣናው ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ውኃዋን ከገፈርሳና ከለገዳዲ፣ ከሰሏንም ከሩቅ አገር ማምጣት ጀመረች።

የኢትዮጵያዊ አማካይ አሻራ 1 ግሎባል ሄክታር አካባቢ ነው፤ ከዓለም ዝቅተኞቹ አንዱ። ቢሆንም የአገሪቱ የራሷ አቅም ከዚያም ያንሳል። ስሌቱ የአፈር መሸርሸርን በቀጥታ አይቆጥርም፤ ደጋ ላይ ለሚያርስ ሕዝብ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ቁጥሩ ዝቅ ያለው በድህነት ብቻ ነው ማለት ግን መርካቶን አለማወቅ ነው። ጠዋት ቆራሌው ሰፈር ለሰፈር እየጮኸ ሃይላንዱን፣ ቆርቆሮውን፣ ያረጀውን ጫማ በሳንቲም ይገዛል። ጭኖት ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ በርሜል ተቀዶ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ፣ ከሰዓት የከሰል ምድጃ ሆኖ ይሸጣል።