«አስተያየቴ ነው» ሲባል
ስለ ፖለቲካና ስለ ኪነ ጥበብ በተወያየን ቁጥር «አስተያየቴ ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም» የሚለው እየበዛ ስለ መጣ ይህን ጻፍሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንም ሰው የመሰለውን አመለካከት ያለ ጣልቃ ገብነት እንዲይዝ ይፈቅዳል። መግለጽም መብት ነው፤ ነገር ግን የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ ይችላል።

እዚህ ጎንደር፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉት የመላእክት ፊቶች «አይማርኩኝም» የሚል ሰው ቢኖር፣ እኔ እጅግ ባዝንም፣ አስተያየት ነው። «ሰው በተፈጥሮው ራስ ወዳድ ነው» ማለትም እንዲሁ። «ያ አስጎብኚ የእንግዳ ገንዘብ ሰርቋል» ማለት ግን ማስረጃ የሚጠየቅበት ክስ ነው፤ ከፊቱ «በእኔ አስተያየት» ቢጨመርበትም ክስነቱ አይቀርም። ተጠያቂነቱ እንደ ቃሉ፣ እንደ ቦታውና እንደ ማስረጃው ይለያያል።