«ማሽን ስለሌለን ነው» ለምትሉ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ ለገጣፎ አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወጥቶ ስለቀረ የሰፈሩ ሰው ወሬ ተነሣ። ጡረታ የወጣሁ መርማሪ መሆኔን የሚያውቅ አንድ ጎልማሳ «ጋሼ፣ ውጭ አገር ቢሆን እኮ በዲኤንኤ በሳምንቱ ይደርሱበት ነበር፤ እኛ ማሽን የለን» አለኝ። ለለቅሶው ክብር ስል ንፍሮዬን ቆርጥሜ ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም አልልም።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። «ሰው ከጠፋ 24 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አይቀበልም» ይባላል። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። 48 ሰዓት የሚባለው ደግሞ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት፣ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ጊዜ ነው፤ ከጠፋ ሰው ጋር አይገናኝም። እኛ የሠራንበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 23 መርማሪው ጥቆማውን ቢጠራጠረው እንኳ ምርመራውን እንዲያካሂድ ያዛል። ተረኛው «ነገ ተመለሱ» ካላችሁ ኃላፊውን ጥሩልኝ በሉ።

«ቆይቷል፣ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) አግዶታል» የሚሉም አሉ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 217 መሠረት ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስፈርድ ግድያ ይርጋው 25 ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመት ምንም አይደለም።

«ተጠርጣሪው ካመነ አለቀ»። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የራሳችን የፖሊስ ሰዎች ናቸው። በ1660 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ካምደን በምትባል ከተማ አንድ ሽማግሌ ጠፋ። አገልጋዩ፣ የገዛ እናቱና ወንድሙ ሽማግሌውን እንደገደሉት ተናገረ፤ ሦስቱም ተሰቀሉ። በ1662 «ሟቹ» በሕይወት ተመልሶ ከተማዋ ገባ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ዲኤንኤ ብቻውን ስም አይናገርም። የሚመሳከርበት ናሙና ይፈልጋል፤ ናሙናው ደግሞ ያኔ በሥርዓት ተነሥቶ፣ ሳይበሰብስ የቆየ መሆን አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1970ዎቹና 80ዎቹ ለተፈጸሙ ግድያዎች ተጠርጣሪው በ2018 ሊያዝ የቻለው ኤግዚቢቱ ለዐሥርት ዓመታት ተጠብቆ ስለቆየ ነው። ደም የነካው ሸሚዝ እርጥቡን በፌስታል ታስሮ ሻግቶ ያየሁበት ጊዜ አለ፤ ለዚያ ምን ማሽን ይድረስለት?

ያረጀ መዝገብ የሚከፈተው በማንበብ ነው። አሰልቺ ስለሆነ ማንም መስማት አይፈልግም።

በሰንዳፋ መስመር አንድ የከብት ነጋዴ ጠፍቶ፣ ከሰባት ወር በኋላ አስከሬኑ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። መዝገቡ ስድስት ዓመት ተኝቶ እኔ እጅ ገባ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው አልጠራሁም። ካርቶን ቀድጄ ሦስት መስመር አሰመርኩበት፦ ማን፣ ምን አለ፣ በስንት ሰዓት። ከቴሌ የመጣው የጥሪ ዝርዝር ላይ የሟቹ ስልክ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው 02:10 ይላል። የቀድሞው መርማሪ ጠርዙ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ከምሽቱ 2፡10» ብሎ ጽፎበታል። ዋናው ተጠርጣሪ የንግድ ሸሪኩ ነበር፤ እሱ ግን ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሠላሳ ሰው አይቶታል። ስለዚህ ተለቀቀ።

እዚያው ገጽ ላይ፣ አምስት መስመር ከፍ ብሎ፣ 14:35 የሚል ጥሪ አለ። በእኛ አቆጣጠር 14 ሰዓት የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ዝርዝሩ የታተመው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 02:10 ማለት ከሌሊቱ 8፡10 ነው። ሰውዬው ከለቅሶው ከወጣ አራት ሰዓት አልፎታል ማለት ነው። ይህን ያየሁት በዓይኔና በካርቶን ነው።

ሌላው፣ «ጊዜ ካለፈ ምስክር ይረሳል» የሚባለው ነው። ይረሳል፤ ግን ይፋታልም፣ ይጣላልም፣ የሚፈራው ሰውም ይሞታል። የሸሪኩ ሚስት ያኔ የሰጠችው ቃል አንድ መስመር ነበር፦ «እቤት ተኝቶ ነበር።» እኔ ስሄድ ተፋተው ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ደጃፏ ላይ ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «ሌሊት መጥቶ ጫማውን በበርሜሉ ውኃ አጠበው፤ ውኃ ከጠፋ ሳምንቱ ስለነበር ተጣልተናል» አለች። ቀኑን ረስታዋለች፤ ውኃዋን ግን አልረሳችም። ጫማ ብቻውን ማንንም አያስፈርድም። ግን ከዚያ ተነሥተን የሟቹን በሬዎች ከሸሪኩ የገዛውን ሰው አገኘን፤ ዐቃቤ ሕግም ክስ መሠረተ።

እዚህ አዲስ አበባ ዳር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ሰዉ አዲስ አበባ በኩል ጠፋ ብሎ ያመለክታል፤ አስከሬኑ ድንበሩን ተሻግሮ ኦሮሚያ በኩል ይገኝና ማንነቱ ያልታወቀ ተብሎ ይመዘገባል። በመካከላቸው አንድ ወንዝ ብቻ አለ፤ ሁለቱ መዝገቦች ግን ሳይተያዩ ያረጃሉ። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ገላን በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ሲጠቃለሉም ድንበሩ አልጠፋም። በሁለቱም በኩል አመልክቱ፤ የመዝገብ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ። የጠፋውን ሰው የስልክ ካርቶን አትጣሉ፤ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር እሱ ላይ አለ፤ ሲሙ ቢቀየርም ያ ቁጥር ከስልኩ አይለይም። ማበጠሪያውንና የጥርስ ብሩሹን ለዲኤንኤ ማመሳከሪያ እንዲሆኑ ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ በፌስታል አይሁን። ሁለት ዓመት ወሬው ከጠፋ ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል፤ እሱ ለውርስና ለትዳር ጉዳይ ነው፤ የፖሊሱን መዝገብ አይዘጋውም፤ «እኛው ዘጋንበት» ብላችሁ አትጸጸቱ።