አሸዋ ነው፣ ምን እንሆናለን?

ላንጋኖ ዳር የቮሊቦል መረብ ተወጥሮ ስታይ ጫማህን ወርውረህ ትገባለህ። አንዱ «ኧረ ቀስ በሉ» ካለ ደግሞ «አሸዋ አይደል እንዴ፣ ምን እንሆናለን?» የሚል አይጠፋም። ያ ሰውዬ እኔ ነበርኩ።

በእርግጥ ግማሹ እውነት ነው። ዘለህ ስታርፍ አሸዋው ምቱን ይውጥልሃል። አዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱትን የሚያንገላታው ከጉልበት ሎሚ ስር ያለው የጅማት ህመም አሸዋ ላይ ቀለል የሚለውም ለዚህ ነው። ግን ሜዳው 16 በ8 ሜትር ነው፣ በአንድ ወገን ያላችሁት ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ። አዳራሽ ውስጥ 6 ሰው የሚካፈለውን ሩጫና ዝላይ ሁለታችሁ ትሸከሙታላችሁ፣ ያውም እግር በሚሰምጥበት መሬት። ወገብና ትከሻ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

«ባዶ እግር ነፃነት ነው» ይባላል። እኔን ያሰረኝ እሱ ነው። ኳስ ለማዳን ስወረወር የእግሬ አውራ ጣት ወደ ታች ታጥፎ አሸዋው ውስጥ ተቀረቀረና ክብደቴ ሁሉ እላዩ ላይ አረፈ። ተጫዋቾች «የአሸዋ ጣት» የሚሉት ጉዳት አለ፣ ይኸው ነው። «ጣት ናት» ብለህ ትንቃታለህ፣ ለወራት ግን መሮጥ ልታሳጣህ ትችላለች።

«ካላመመኝ ደህና ነኝ» የሚለው ነው በጣም የሚያሳስበኝ። ከትከሻ ጀርባ ያለውን ጡንቻ የሚያዘው ነርቭ፣ ኳስ ደጋግመህ ከላይ ስትመታ ይጎዳል። ጡንቻው እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያምህ። ሸሚዝህን አውልቀህ ጓደኛህ ከጀርባ ይይህ፤ የምትመታበት ትከሻ ከሌላው ይልቅ ጎድጎድ ካለ ሐኪም ጋ ሂድ።

ወለምታ ሲመጣ ደግሞ ሩጫው ወደ ወጌሻ ነው። ያበጠ ቁርጭምጭሚት ወዲያው ሲታሽ እብጠቱ ይብሳል፣ የተሰነጠቀ አጥንት ካለማ ጉድ ነው። መጀመሪያ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝበት፣ እግርህን ከፍ አድርግ። 4 እርምጃ መራመድ ካቃተህ ራጅ ተነሳ።

የእጅ ጣትም እንደዚያው፣ «ሳብ አድርጋት፣ ትመለሳለች» አይባልም። ኳሱ ጫፏን መትቷት ከላይኛው አንጓ ወደ ታች ከወደቀች፣ አንተም በራሷ ልታቀናት ካልቻልክ፣ ጅማቱ ተበጥሷል ወይም አጥንት ይዞ ተነስቷል ማለት ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀንም ሌሊትም ቀጥ ብላ ትታሰራለች። መሃል ላይ «እስቲ ልያት» ብለህ ካጠፍካት ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ካልሲ አድርጎ የሚጫወት ካየህም አትሳቅበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ አሸዋው ከመጋሉ የተነሳ ውሃ ይረጩበት ነበር።