ከመድረክ ወደ ፊልም፦ የቆየ ሙዚቃዊ ተውኔት ሲታደስ

ለገሀር አካባቢ ያለው ብሔራዊ ቴአትር ሲጀመር ቴአትር አልነበረም። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ሲኒማ ሊያደርጉት ነበር ያሰቡት። ሳይጨርሱት ሄዱ። በኋላ አንሪ ሾሜት የተባለው ፈረንሳዊ አርክቴክት መልኩን ቀይሮ ጨረሰው። በ1948 ዓ.ም. የንጉሡ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ። ሲኒማ ሊሆን የነበረ ቤት መድረክ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ስራዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚሄዱት በተቃራኒው መንገድ ነው። መድረክ ላይ ስማቸውን ያስጠሩ ሙዚቃዊ ተውኔቶች ከዓመታት በኋላ ፊልም ይሆናሉ። አንዳንዶቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይሠራሉ። ያኔ «ለዛሬ ተመልካች እናድሰው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል።

ሙዚቃዊ ተውኔት ሲባል ዘፈን ያለበት ቴአትር ሁሉ ማለት አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ ንግግር አልበቃ ሲላቸው ወደ ዘፈን ይሻገራሉ፤ ዘፈን ሲያንሳቸው ይጨፍራሉ። ዘፈኑን ብታወጣው ታሪኩ ይበጠሳል። ከኦፔራ የሚለየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተራ ንግግርም ስላለው ነው።

እኛ ጋ ቴአትርና ዘፈን ድሮም ጎረቤት ናቸው። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት ሲመሠረት ጀምሮ ንግግሩ፣ ዘፈኑና ትያትሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የመጣ የቅኔ ሰው ነው። ተውኔት ሲጽፍ ዜማውንም አብሮ ያስብ ነበር። የንጉሡን ዘመን መዝሙር ግጥም የጻፈውም እሱ ነው፤ ዜማው የአርመኑ የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በብሔራዊ ቴአትር ኦርኬስትራ ትልቅ አሻራ ትቷል። ብዙ ጊዜ ግን ዘፈኑ ከተውኔቱ በፊት፣ በኋላ ወይም በመሐል ይገባ ነበር እንጂ ታሪኩን ራሱ አይሸከምም። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ፊልም ለምን ያስቸግራል? መድረክ ላይ ዘፋኙ ድምፁን እስከ መጨረሻው ወንበር መወርወር አለበት። እጁም ሰፋ ብሎ ይወራጫል። ካሜራ ግን ሽፋሽፍቱ ላይ ነው ያለው። መድረክ ላይ ልክ የነበረው ነገር እዚህ ማካበድ ይሆናል። ደግሞ የቴአትር ታዳሚ የካርቶን ግድግዳውን አይቶ «ይሁን» ብሎ ነው የሚቀመጠው። እውነተኛ መንገድ ላይ፣ እውነተኛ አውቶቡስ እያለፈ፣ አንድ ሰው ድንገት ሲዘፍን ግን «ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም።

ድምፁም ሌላ ጉዳይ ነው። የተለመደው አሠራር ዘፈኑን አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ቀርጾ ቀረጻው ቦታ ላይ አፍ ማንቀሳቀስ ነው። እንዲያውም አፉ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው የሆነበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ፊልም ሲሆን የናታሊ ዉድን ዘፈን የዘፈነችው ማርኒ ኒክሰን ናት። በ1964 ለኦድሪ ሄፕበርንም በ«ማይ ፌር ሌዲ» እሷው ዘፍናለች። እ.ኤ.አ. በ2012 «ሌ ሚዜራብል» ሲሠራ ይህ ተገለበጠ። ተዋንያኑ በጆሯቸው ፒያኖ እየሰሙ እዚያው ካሜራው ፊት ዘፈኑ። ድምፅ ሲሰነጠቅ፣ ሳግ ሲይዝ ይሰማል። ለአንዳንዱ ጆሮ ይጎረብጣል፤ እኔ ወድጄዋለሁ።

ስለ ማደስ ለማውራት ግን «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን የሚያህል ምሳሌ የለም። የሮሜዎና የዡልዬትን ታሪክ ወስዶ ኒው ዮርክ ውስጥ በሰፈር ጎረምሶች ጠብ መሐል አስቀመጠው። በአንድ ወገን ነጮቹ፣ በሌላ ወገን ከፖርቶ ሪኮ የመጡት። እ.ኤ.አ. በ1957 ብሮድዌይ በሚባለው የኒው ዮርክ የቴአትር ሰፈር ተከፈተ። ሙዚቃው የሊዮናርድ በርንስታይን፣ ግጥሙ የስቲቨን ሶንድሃይም ነው። የ1961ዱ ፊልም 10 ኦስካር ወሰደ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ስቲቨን ስፒልበርግ እንደገና ሠራው። ጽሑፉን ያዘጋጀው ቶኒ ኩሽነር ነው።

የሚገርመው ዘመኑን አለመቀየራቸው ነው። ታሪኩ አሁንም በ1957 ነው። ሞባይል የለ፣ ራፕ የለ። ታዲያ ምኑ ታደሰ? መጀመሪያ፣ ተዋንያኑ። በ1961 የፖርቶ ሪኮዎቹን መሪ ገጸ ባሕርያት በአብዛኛው ሌሎች ነበሩ የተጫወቱት፤ ፊታቸውንም ቀለም ይቀቡ ነበር። ትውልዷ ፖርቶ ሪኮ የሆነው ሪታ ሞሬኖ እንኳ ተቀብታ ነው የሠራችው። በአዲሱ እነዚህ ሚናዎች ለላቲኖ ተዋንያን ተሰጡ። እርስ በርስ ስፓኒሽ ሲያወሩ ከሥር ትርጉም አይጻፍም፤ ሆን ተብሎ ነው። ሪታ ሞሬኖም አርጅታ በሌላ ሚና ተመለሰች። ድሮ ፍቅረኞቹ የሚዘፍኑትን ዋና ዘፈን ለእሷ ሰጧት። በወጣቶች አፍ ተስፋ የነበረው ዘፈን በአሮጊት አፍ ትዝታ ሆነ። አንድ ቃል ሳይቀየር!

ሁለተኛው የዘፈኖቹ ቦታ ነው። ከፍቅረኞቹ አንዷ፣ የፖርቶ ሪኮዋ ማሪያ፣ «ቆንጆ ነኝ» እያለች የምትፈነድቅበት ዘፈን አለ። መድረክ ላይ የሚመጣው ወንድሟ ከተገደለ በኋላ ነው። እሷ አልሰማችም፤ ተመልካቹ ግን ያውቃል። የ1961ዱ ፊልም ይህን ከግድያው በፊት አመጣውና ደስ የሚል ዘፈን ብቻ ሆነ። አዲሱ ፊልም ወደ ቦታው መለሰው። እሷንም ሌሊት ትልቅ ሱቅ የምታጸዳ ሠራተኛ አደረጋት። ሀብታሞቹ በሚገዙት ዕቃ መሐል ትዘፍናለች፤ እኛ ደግሞ አንጀታችን ይላወሳል። አንዳንዴ ማደስ ማለት የቀድሞውን እርማት ማረም ነው።

ሦስተኛው ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ነው። አዲሱ ፊልም የሚጀምረው በፍርስራሽ ላይ ነው። ጎረምሶቹ የሚጣሉበት ሰፈር ሊፈርስ ነው። ሊንከን ሴንተር የሚባለው ትልቅ የኪነ ጥበብ ማዕከል ይሠራበታል። ይህ እውነት ነው፤ ሳን ኋን ሂል የሚባለው ሰፈር እንደዚያ ነው የጠፋው። የ1961ዱ ፊልም ከፊሉ የተቀረጸው እዚያው ሊፈርሱ በተፈረደባቸው ቤቶች መሐል ነበር። ግን ታሪኩ ውስጥ አላስገባውም። ካሜራው ቤቶቹን አየ፣ መፍረሳቸውን ግን አልተናገረም። የአዲሱ ፊልም ሠሪዎች ጠቡን ከዚህ ጋር አገናኙት። ሁለቱም ወገን የሚሞትለት መሬት የሁለቱም አይደለም።

በሌላ ጫፍ «አኒ» አለ። መድረክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ፣ በኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስላለች ወላጅ የሌላት ልጅ የሚያወራ ስራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ዛሬዋ ኒው ዮርክ አመጡት። ሀብታሙ ሰውዬ የሞባይል ኩባንያ ባለቤት ሆነ፤ ዘፈኖቹ አዲስ ምት ተጨመረላቸው። ለእኔ ኮት የቀየረ ሰው ነው የመሰለኝ። ድሮ ታሪኩን የሚገፋው ሥራ አጥነቱና ረሃቡ ነበር። እሱ ሲወጣ የሚተካው ነገር አልመጣም።

ከአፍሪካ የተሻለ ትምህርት አለ። «ካርመን» እ.ኤ.አ. በ1875 ፓሪስ ላይ የታየ፣ የፈረንሳዊው የጆርጅ ቢዜ ኦፔራ ነው፤ ታሪኩ ስፔን ውስጥ ስላለች ካርመን የምትባል ሴት ነው። በ2001 የሴኔጋሉ ጆሴፍ ጋይ ራማካ ፊልም አደረገውና የቢዜን ሙዚቃ ትቶ በሴኔጋል ሙዚቃና በጃዝ ተካው። በ2005 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ካዬሊቻ በሚባል የኬፕታውን የድሆች ሰፈር፣ በኮሳ ቋንቋ ተሠራ። ደቡብ አፍሪካዎቹ የቢዜን ሙዚቃ አልጣሉም። በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ የወርቅ ድቡን፣ ወሰዱ። አንዱ ዜማውን ጣለ፣ ሌላው ቋንቋውን ቀየረ። ሁለቱም ግን ሴትየዋን የሚያውቋት ሰፈር አገኙላት።

አንድ ሰው ፒያሳ ቁጭ ብሎ ዘፈኑ ታሪኩን ራሱ የሚሸከምበት ፊልም በአማርኛ ልሥራ ቢልስ? መጀመሪያ የሚይዘው ግጥሙ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምቻው ብዙ ጊዜ ግስ ይሆናል። «ሄደ»፣ «ወሰደ»፣ «ወደደ» እያለ ከቀጠለ አድማጩ ቀድሞ ይጨርስለታል። ጥሩ ገጣሚ ቃሉን ከቦታው አናግቶ ነው የሚያመልጠው። ከዚያ ቅኝቱ ይመጣል። ትዝታ ገና ሲጀመር ሰውን ያስተክዛል፤ የጠብ ትዕይንት ላይ ብታስገባው ጎረምሶቹ ከመደባደባቸው በፊት ያለቅሳሉ።

ፈቃዱም አለ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድን ስራ ወደ ሌላ መልክ መቀየር የደራሲው መብት ነው። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመን ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። «የድሮ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» የሚባል ነገር የለም፤ ወራሽ አለ።

«ለምን ይዘፍናል?» የሚለው ጥያቄ ግን አዲስ አበባ ላይ ከኒው ዮርክ ይቀላል ባይ ነኝ። እዚህ መንገዱ ራሱ ይዘፍናል። የታክሲ ረዳቱ «አራት ኪሎ፣ ፒያሳ!» ሲል ምት አለው። «ቆራሌው!» የሚለው ሰውዬ የራሱ ዜማ አለው። ሰርጉና ለቅሶውም ያለ ዜማ አይሆኑም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላሊበላዎች አሉ። ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ቆመው፣ የባለቤቱን ስም ጠርተው፣ አሞግሰው ይዘፍናሉ። ሲሰጣቸው መርቀው ይሄዳሉ። ስሙን ከጎረቤት ጠይቀው ነው የሚመጡት።

ፒያሳ የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈርና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ዳር ሄደ፤ ብዙው ኮንዶሚኒየም ገባ። ፊልሙን የምሠራው እኔ ብሆን ከዚያ ነበር የምጀምረው። ሌሊት ነው። ላሊበላው ከሚስቱ ጋር በለመደው መንገድ ይመጣል። ቆርቆሮ አጥር እንጂ በር የለም። ቢሆንም ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ የሚያውቀውን ስም ይጠራል። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ዘበኛ ባትሪ ያበራል።