የቲማቲም ሥር ኔማቶድ እና የተፈጥሮ ጠላቶቹ፦ በአዳማ ዙሪያ

ከቆቃ እስከ ወንጂና መልካሳ፣ አዋሽን ተከትሎ በአዳማ ዙሪያ ቲማቲም በመስኖ ይመረታል። ሙቀቱ ለቲማቲሙ የተመቸውን ያህል ለሥር እባጭ ኔማቶድም ተመችቶታል። ኔማቶድ አፈር ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ትል ነው። ቲማቲምን በብዛት የሚያጠቁት ሜሎይዶጋይን ኢንኮግኒታ እና ሜሎይዶጋይን ጃቫኒካ የሚባሉት ዝርያዎች ናቸው።

ጉዳቱ ከላይ ሲታይ ያታልላል። ተክሉ ውኃ ጠጥቶም እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ፍሬው ያንሳል። ገበሬው ማዳበሪያ ያነሰው መስሎት ይጨምርበታል፤ ብሩ ግን ውኃ በላው። የሚሻለው አንድ ሁለቱን ነቅሎ ሥሩ አብጦ እንደሆነ ማየት ነው። እብጠት ሁሉ ግን በሽታ አይደለም፤ የቦሎቄ ሥር ላይ ያለችው ጤነኛ እብጠት በጥፍር ሲነኳት ትረግፋለች። የኔማቶዱ ግን ያበጠው ሥሩ ራሱ ስለሆነ አይላቀቅም።

አንዲት ሴት ኔማቶድ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ሙቀቱ ከተስማማት አንድ ትውልድ ለመተካት አንድ ወር ገደማ ይበቃል። ስለዚህ በአንድ የምርት ወቅት ብቻ ቁጥሩ የትየለሌ ይሆናል።

ደግነቱ እሱም ጠላት አያጣም። ፐርፑሬኦሲሊየም ሊላሲነም እና ፖኮኒያ ክላሚዶስፖሪያ የተባሉት ፈንገሶች እንቁላሉን ወርረው ይበላሉ። አርትሮቦትሪስ የተባለው ደግሞ የሚያጣብቅ መረብ ዘርግቶ ትሉን ያጠምዳል።

ከሁሉም የሚገርመው ግን ፓስቴሪያ ፔኔትራንስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ስፖሩ፣ ማለትም እንደ ዘር የሚያገለግለው ደቃቅ አካሉ፣ አፈር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የኔማቶዱ ጫጩት ሲያልፍ ቆዳው ላይ ይለጠፋል። ጫጩቷ ሥር ውስጥ ገብታ ታድጋለች፤ ሆዷ ግን በእንቁላል ፋንታ በሚሊዮን በሚቆጠር ስፖር ይሞላል። ስትሞት ያ ሁሉ አፈር ውስጥ ይበተናል። ስፖሩ ድርቅንም ችሎ ዓመታት ይቆያል። ችግሩ በተፈጥሮው ያለ ኔማቶድ ስለማይራባ በብዛት አምርቶ መሸጥ ከባድ መሆኑ ነው።

«ተቋቋሚ ዝርያ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ሚ የተባለውን ዘረመል የያዙ ቲማቲሞች ኔማቶዱን ይቋቋማሉ። ነገር ግን የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይህ አቅማቸው ይዳከማል። ለአዳማ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እነዚህ የኔማቶዱ ረቂቅ ጠላቶች እንደ ኬሚካል ቶሎ አይገድሉም። ማሳው አንዴ ከተወረረ በኋላ ተአምር መጠበቅም የዋህነት ነው። የሚያዋጣው ከችግኝ መደብ መጀመር ነው፦ አፈሩን በላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ ማቃጠል፣ ከዚያ እንቁላሉን የሚበላውን ፈንገስ መጨመር፣ ንጹሕ ችግኝ ማዛወር። በደንብ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስትም አፈሩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ረቂቅ ፍጥረታት ያበረታል። ሜሪጎልድ አበባም ኔማቶድን ይቀንሳል፤ ግን ከቲማቲሙ በፊት ማሳውን ሞልቶ መዘራት አለበት። ዳር ዳር ላይ ጣል ጣል ማድረግ ለጌጥ ካልሆነ አይረባም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ፈንገሱ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ የፈንገስ መድኃኒት ሥሩ ላይ ማፍሰስ የገዙትን ረዳት በገዛ እጅ መግደል ሊሆን ይችላል። ለቅጠል በሽታ የሚረጨውም ቢሆን ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ከመርጨት በፊት ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል።