በቆጂ፦ የሯጮቹ ከተማ፣ እንግዳ ሊያያት ሲመጣ

በቆጂ በኦሮሚያ ክልል በአርሲ ዞን የምትገኝ የሊሙና ቢልቢሎ ወረዳ ከተማ ናት፣ በኦሮምኛ ቦቆጂ ነው የሚሏት። ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል አሰላ ድረስ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአሰላ ወደ ደቡብ ደግሞ 56 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ከፍታዋ ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብርዱ ቀላል አይደለም፣ ጋቢ ሳይዝ የመጣ ሰው ማታ ላይ ይጸጸታል። በ1999ኙ የህዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ወደ 17 ሺህ ነበር፣ እንግዲህ ይቺን በምታህል ከተማ ነው ይሄ ሁሉ ታሪክ የተሰራው።

ከሩጫ በፊት የነበረው ታሪኳ አጭር ነው፦ የገብስና የስንዴ አገር፣ የገበያ ቀን ገበሬው በፈረስና በአህያ የሚጎርፍባት ከተማ፤ በ1960ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ደግሞ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት (ካዱ እየተባለ የሚጠራው) ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያስለመደው አካባቢ ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ገብሱን የሚያገኘው ከዚሁ ደጋ ነው።

የሩጫው ነገር ግን ሌላ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ውድድሩ እንዲያ ስለሚመዘገብ።) በር የከፈተችው ደራርቱ ቱሉ ናት። በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች፣ ከዛም ሁለተኛ ከወጣችው ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ሲዞሩ አለም አየ። በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን ደገመችው፣ በ2004 አቴንስ ነሐስ ጨመረች፣ ሁሉም ጡረታ ወጣች ብሎ ሲያስብ በ2009 የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። በኋላም የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዝዳንትነት መርታለች። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ወሰደችው፣ የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት መሆኗ ነው፣ ከዛ ቦስተንን ከ1997 እስከ 1999 ሶስት ዓመት በተከታታይ። የፋጡማ የትውልድ ቦታ ከተማዋ ውስጥ ሳይሆን ከዳር ባለ ገጠር ነው የሚሉ አሉ፣ ያም ሆነ ይህ የበቆጂ ልጅ ናት።

ቀነኒሳ በቀለ ጋ ሲደረስ ቁጥሩ ራሱ ያደክማል። በ2004 አቴንስ የ10,000 ወርቅና የ5,000 ብር፣ በ2008 ቤጂንግ ሁለቱንም ወርቅ። በ2004 ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12:37.35፣ በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 የሮጠባቸው ሪከርዶች እስከ 2020 ማንም አልነካቸውም። በአገር አቋራጭ የአለም ሻምፒዮና ደግሞ ከ2002 እስከ 2006 በየዓመቱ አጭሩንም ረጅሙንም ጠራርጎ ወስዷል፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሱ በፊት ታይቶ አያውቅም። በ37 ዓመቱ በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 ሲጨርስ ከወቅቱ ሪከርድ የዘገየው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር (ያቺ 2 ሰከንድ እስከዛሬ ታንገበግበናለች)። ወንድሙ ታሪኩም በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ላይ በ10,000 ነሐስ አምጥቷል።

የዲባባ ቤት ደግሞ ለብቻው አንድ አገር ነው። ጥሩነሽ በ2003 ፓሪስ ላይ ገና በ18 ዓመቷ የ5,000 የአለም ሻምፒዮን ሆነች፣ ቤጂንግ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደች፣ ለንደን ላይ 10,000ውን ደገመችው። ታላቅ እህቷ እጅጋየሁ በአቴንስ 10,000 ብር ስታገኝ ከኋላዋ ነሐሱን የወሰደችው ዘመዳቸው ደራርቱ ናት፣ ማለትም በዛ ውድድር መድረኩ ላይ ከቆሙት ሶስት ሴቶች ሁለቱ የዚሁ ሰፈር ልጆች ነበሩ። ታናሿ ገንዘቤ በ2015 ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3:50.07 ሮጣ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን ሪከርድ ሰበረች። የለንደኑን ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን ያሸነፈችው ቲኪ ገላናም ከበቆጂ ናት። ሲደመር ደራርቱ 2፣ ፋጡማ 1፣ ቀነኒሳ 3፣ ጥሩነሽ 3፣ ቲኪ 1፣ በድምሩ 10 የኦሎምፒክ ወርቅ ማለት ነው። ኢትዮጵያ እስከ 2024ቱ ፓሪስ ድረስ በአጠቃላይ ያገኘችው 24 ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም፣ እሱ የአሰላ ነው፣ አሰላዎች ሲሰሙን እንዳይቆጡ።

ለምን እዚህ ሆነ የሚለውን ሁሉም በየፊናው ያወራል። ከፍታው ነው የሚል አለ፣ ቀጭን አየር ላይ ያደገ ሳንባ ቆላ ሲወርድ አይደክምም። ገብሱ ነው የሚል አለ፣ በሶና ጩኮ በልቶ ያደገ ልጅ ጉልበት አለው ይላሉ። ግን ከፍታም ገብስም ያለው ሌላ ስንት ደጋ አለ፣ ከዛ ግን እንዲህ አልወጣም። ስለዚህ በኔ እይታ ክብደት የሚሰጠው ነገር አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነው። የሀረር ልጅ ሆኖ ወደ በቆጂ የመጣው የስፖርት አስተማሪ ሆኖ ነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያስተምር የሚሮጡትን ልጆች እየለየ ማሰልጠን ጀመረ፣ ቀነኒሳም ጥሩነሽም በልጅነታቸው በሱ እጅ አልፈዋል። በ2012 በፈረንጅ አቆጣጠር ስለከተማዋ የተሰራ ዶክመንተሪ ፊልም ወጥቶ የሱ ስራ በውጭ አገር ታወቀ፣ ከዛ ወዲህ ነው በቆጂ የሚለው ስም ሯጭ ባልሆነ ፈረንጅ አፍ ላይ የገባው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ቱሪዝሙ እንምጣ። ወደ በቆጂ የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ሻምፒዮኖቹን አገኛለሁ ብሎ ነው የሚመጣው፣ እነሱ ግን የሉም፤ ትንሽ ሰዓት ያመጣ ልጅ ክለብ ሲያገኝ፣ ማኒጀር ሲይዘው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ኑሮውም እዛው ይቀራል። እዚህ የሚታየው ከዛ በፊት ያለው ነው። ጠዋት ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ልጆቹ ከየቤቱ ይወጣሉ፣ ሜዳው ላይ በረድፍ ተሰልፈው ያሟሙቃሉ፣ አንዱ ይመራል ሌላው እግር በእግር ይከተላል፣ ከዛ ባህርዛፉ መሃል ዚግዛግ ይሮጣሉ፣ ዳገት ይወጣሉ። አንዳንዱ በላስቲክ ጫማ፣ አንዳንዱ ከታላቁ በወረሰው ስኒከር። ይሄ ትርዒት አይደለም፣ ለእንግዳ ተብሎ የሚሰራ ነገር የለውም፣ ዋጋውም እሱ ላይ ነው። ስለዚህ የሚመጣ ሰው አሰልጣኙን አስፈቅዶ ዳር ይቆማል፣ ሩጫው መሃል ገብቶ ሰልፊ አይነሳም፣ አብሬ ልሩጥ ካለም ከፍታውን ሳይለምድ ባይሞክረው ይሻላል፣ የ12 ዓመት ልጅ ጥላው ትሄዳለች።

የኬንያዋን ኢተን እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ነው። እሷም 2,400 ሜትር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ግን አትሌቷ ሎርናህ ኪፕላጋት እዛ የማሰልጠኛ ማዕከል ስለከፈተች ከአለም ዙሪያ ሯጮች ሳምንትና ወር እየተቀመጡ ይለማመዳሉ፣ ከተማው መግቢያ ላይ የሻምፒዮኖች አገር የሚል ቅስት ቆሟል። ልዩነቱ እንግዳው ለስንት ቀን ይቀመጣል የሚለው ላይ ነው። ግማሽ ቀን አይቶ አሰላ ወይ አዳማ የሚያድር እንግዳ ለበቆጂ የሚተወው የአንድ ቡና ሂሳብ ነው፣ አንድ ሳምንት የሚለማመድ ሯጭ ግን አልጋ ይይዛል፣ ምግብ ይበላል፣ የሚያሯሩጠው ልጅ ይቀጥራል፣ ልብሱን የሚያጥብለት ሰው ይፈልጋል። አገር ውስጥም ምሳሌ አለ፣ የሀዋሳው ግማሽ ማራቶን በሚካሄድበት ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ስንቱ ቤተሰቡን ይዞ ነው የሚወርደው። እንዲህ አይነት ውድድር በበቆጂ ቋሚ ቀን ቢኖረው፣ ቀነኒሳ ልጅ ሆኖ የሮጠበት አቀበት ላይ መሮጥ የማይፈልግ ሯጭ ማን አለ?

ባህሉ ከሩጫው ስር ተሸፍኖ የቀረ ይመስላል እንጂ አርሲ የባህል ድሃ አይደለም። የገዳ ስርዓት በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ የአርሲ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው የሚወጡበት አቴቴ የተባለው የሴቶች ስርዓት የዚሁ አካል ነው፣ ኢሬቻም በመልካውም (ውሃ ዳር) በቱሉውም (ተራራ ላይ) ይከበራል። ፈረስ ደግሞ እዚህ ደጋ ላይ ጌጥም መጓጓዣም ነው፣ ለሰርግም ለለቅሶም ተሸልሞ ይወጣል። የእንጅባራ ሰዎች ጥር 23 ቀን የፈረሰኞቻቸውን በዓል አገር የሚያውቀው አድርገውታል፣ የአርሲ ፈረስ ግን ካሜራ ፊት ገና አልወጣም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ስለሚኖር መስቀልና ጥምቀትም፣ ኢድና መውሊድም ጎረቤት ለጎረቤት ይከበራል።

ከተማዋን ከሌላ ነገር ጋር አያይዞ መጎብኘት ለሚፈልግ ዙሪያው ተራራ ነው። ጭላሎም ካካም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው፣ ከገለማ ተራራ ጋር የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይካተታሉ፣ ደጋ አጋዘን ይገኝባቸዋል። መንገዱን ወደ ደቡብ የቀጠለ ደግሞ ዶዶላ ይደርሳል፣ ከዛ በ2023 የአለም ቅርስ ወደሆነው ወደ ባሌ ተራሮች ይሄዳል፣ ስለዚህ ባሌ የሚሄድ አስጎብኚ ሁሉ መኪናውን በቆጂ አንድ ሌሊት ማሳደር ይችላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ክረምት ላይ ጭቃው ያስቸግራል፣ ልጆቹ ግን ያኔም ይሮጣሉ።