የመረጃ መናበብ ምንድን ነው? አንድ ሶፍትዌር መግዛት ግን አይደለም

ስለ ትምህርት ቤቶች የመረጃ አያያዝ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። «ሁሉንም ትምህርት ቤት አንድ ሲስተም ውስጥ አስገቡና ተገላገሉ፤ በቃ፣ መረጃው ይናበባል» ይላል። ከሥሩ ሌላው ይቀጥላል። «የእኛ ሲስተም ኤፒአይ ስላለው ተናባቢ ነው።» (ኤፒአይ የሚባለው አንድ ሶፍትዌር ከሌላው ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት በር ነው።) ከዚያ የላይኩ ብዛት! ችግሩ ሁለቱም ስለ መናበብ እያወሩ አለመሆናቸው ነው።

የመረጃ መናበብ፣ በሙያው አነጋገር ኢንተርኦፐራቢሊቲ፣ ማለት አንድ ሥርዓት የላከውን መረጃ ሌላው ተቀብሎ፣ ላኪው ባሰበው ትርጉም፣ መሃል ላይ ሰው ገብቶ ሳያቃናው ሲጠቀምበት ነው። «ላኪው ባሰበው ትርጉም» የምትለዋን ያዙልኝ። ክርክሬ በሙሉ እሷ ላይ ነው።

ስልክ ደወላችሁ እንበል። መስመሩ ገባ፣ ሰውየው አነሳ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። እናንተ «ሰኞ እንገናኝ» ስትሉ ነገ ያለውን ሰኞ ነው። እሱ የገባው የሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ነው። ተሳስቃችሁ ስልኩን ትዘጋላችሁ። ኤፒአይ ማለት መስመሩ ነው። መስመር ከሌለ ወሬ የለም፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። መስመሩ ስለገባ ብቻ ተግባብተናል የሚለው ነው የማይዋጥልኝ።

እስቲ አንዲት ተማሪ እንከተል። 7ኛ ክፍል ናት። በዓመቱ አጋማሽ ቤተሰቦቿ ሰፈር ስለቀየሩ እሷም ትምህርት ቤት ትቀይራለች። በመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሶፍትዌር ላይ የተማሪ ሁኔታ የሚሞላበት ቦታ ሦስት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፦ በመማር ላይ፣ ያጠናቀቀ፣ የለቀቀ። ሬጅስትራሯ «የለቀቀ» የሚለውን ትጫናለች። ሌላ ምን ትጫን? የሁለተኛው ትምህርት ቤት ሶፍትዌር የሚያውቀው ደግሞ አዲስ፣ ነባርና ደጋሚ ነው። ልጅቷ «አዲስ» ተባለች። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ሪፖርታቸውን በኤፒአይ ወደ በላይ አካል ይልካሉ። እዚያ ያለው ሲስተም «የለቀቀ» የሚለውን «ያቋረጠ» ብሎ ይመዘግበዋል። ልጅቷ መልቀቂያዋን ይዛ ሄዳ፣ በማግስቱ አዲሱ ክፍሏ ውስጥ እየተማረች ነው። በመረጃው ግን አንዲት ያቋረጠች ልጅና አንዲት አዲስ ልጅ ተፈጥረዋል። ዓመቱ ሲያልቅ መጠነ ማቋረጥ ከፍ ይላል። ስብሰባ ይጠራል። ርዕሰ መምህሩ ማብራሪያ ይጠየቃል።

ልብ በሉ፣ ኤረር የሚባል ነገር አልመጣም። «ሲስተም የለም» አልተባለም። ፋይሉ ሁሉ በሰላም ደርሷል። ኔትወርክ ቢቋረጥ ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው ደውሎ ይጮህ ነበር።

«ታዲያ ‘የተዛወረ’ የሚል ምርጫ ጨምሩበት» ትሉ ይሆናል። ይጨመር። ግን በዚህ ሙያ ውስጥ የቆየ ሰው የሚቀጥለውን ያውቃል። «የተዛወረ» የሚባል ምርጫ ከተገኘ፣ ያቋረጡትን ሁሉ እዚያ ውስጥ መደበቅ የሚፈልግ ትምህርት ቤት ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ በ2008 የወጣው የምረቃ ምጣኔ ደንብ ተማሪው ተዛውሯል ተብሎ ከስሌቱ እንዲወጣ፣ ሌላ ትምህርት ቤት መግባቱን የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ መኖር አለበት ያለው ለዚህ ነው። በመረጃ ቋንቋ ሲነገር፣ ዝውውር የሚዘጋው ላኪው «ልኬያለሁ» ስላለ አይደለም። ተቀባዩ «ደርሳኛለች» ሲል ነው። ይሄን ሕግ የትኛውም ኤፒአይ ከራሱ አያመጣውም። ሰዎች ተቀምጠው ነው የሚስማሙበት።

ወደ ስልካችን ልመለስ። ከትርጉሙ በፊት የተደወለለት ሰው ትክክለኛው ሰው ነው ወይ? «ፀሐይ» የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል በሁለት ዓይነት ይጻፋል፣ ፀ ወይም ጸ። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ስድስት ሲባዛ በሁለት፣ 12 አጻጻፍ። ለእኛ ሁሉም አንዲት ፀሐይ ናት። ፊደል በፊደል ለሚያነጻጽር ኮምፒውተር ግን 12 የተለያዩ ልጆች ናቸው። የአባት ስም ሲጨመር፣ ከዚያም በላቲን ፊደል የሚጽፍ ትምህርት ቤት ሲመጣ አስቡት። ስለዚህ ስም መለያ አይሆንም። ስምና የትውልድ ቀን ተደምረውም አይበቁም፤ ቀኑን አንዱ ወሩን አስቀድሞ፣ ሌላው ቀኑን አስቀድሞ ሊጽፈው ይችላል።

መፍትሔው ተማሪው የትም ቢሄድ የሚከተለው ቁጥር ነው። የእንግሊዝ የተማሪ መለያ 13 ቁምፊ አለው። የመጀመሪያዋ ፊደል ከተከታዮቹ ቁጥሮች ተሰልታ የምትገኝ ማረጋገጫ ናት። ጸሐፊው አንድ ቁጥር ቢያሳስት ፊደሏ አልገጥም ትላለች። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ስንት «የሌለ ተማሪ» እንዳይወለድ ታደርጋለች። ሌላ የምወድላቸው ነገር ቁጥሩን በየወረቀቱና በየመታወቂያው አለመለጠፋቸው ነው። ለትምህርት ሥራ ብቻ እንዲውል ታስቦ ነው የተሠራው።

ደግሞ መቼ ነው የተቆጠረው? «ስንት ተማሪ አላችሁ?» ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ምዝገባ ባበቃ ማግስት እና ከፈተና በፊት የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም። የብራዚል የትምህርት ቤቶች ቆጠራ የሚይዘው በሜይ ወር የመጨረሻው ረቡዕ ላይ የነበረውን ነው። ለመላው አገር አንድ ቀን። ያ ቀን ባይቆረጥ ኖሮ በሳምንቱ የተዛወረ ልጅ ሁለት ቦታ ይቆጠራል፣ ወይም ጭራሽ የትም አይቆጠርም።

መምህራን ጋ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ሁለት ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ የፊዚክስ መምህር ሁለቱም ሪፖርት ላይ አለ። በራስ ብትቆጥሩ ሁለት፣ በሥራ ሰዓት ብትቆጥሩ አንድ ነው። ከዚያ «ብቁ መምህር» የሚል መስክ ይመጣል። የዩኔስኮ የስታትስቲክስ ተቋም ብቁ እና የሠለጠነ የሚሉትን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ብቁ የሚባለው ለሚያስተምረው የትምህርት ዓይነትና ደረጃ የሚጠየቀውን የትምህርት ዝግጅት ያሟላው ነው። የሠለጠነ የሚባለው የማስተማር ሥልጠና የወሰደው ነው። የሒሳብ ዲግሪ ኖሮት የማስተማር ሥልጠና ያልወሰደ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያሟላል። አንዱ ሲስተም ይሄን ሰው «አዎ» ብሎ ልኮ፣ ሌላው «አዎ»ውን ለሌላ ጥያቄ መልስ አድርጎ ይቀበለዋል።

    

አሁን ወደ «አንድ ሲስተም» ባዩ ወንድሜ። አንድ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ሁለት ትምህርት ቤቶችን ውሰድ። አንዱ ተማሪውን «ቀሪ» የሚለው ቀኑን ሙሉ ካልመጣ ነው። ሌላው አንድ ክፍለ ጊዜ ካመለጠውም ቀሪ ይለዋል፤ ሌላው ቀርቶ ያረፈደውን ጭምር። ሶፍትዌሩ አንድ፣ ሰርቨሩ አንድ፣ ሳጥኑ አንድ። ዳሽቦርዱ ላይ ግን አንደኛው ጎበዝ፣ ሁለተኛው ሰነፍ ሆኖ ይታያል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሞባይል ስለያዘ ተግባባ አይባልም።

በተቃራኒው፣ የተለያየ ሲስተም ይዞ መናበብ ይቻላል። ኢስሴድ የሚባለው የዩኔስኮ የትምህርት ደረጃዎች ምደባ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ፤ በ1997 እና በ2011 ተሻሽሏል። አንድም አገር የክፍል አደረጃጀቱን እንዲቀይር አላስገደደም። የአንዱ አንደኛ ደረጃ ስድስት ዓመት፣ የሌላው ስምንት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ አገር «የእኔ ይህኛው ክፍል የእናንተ ያኛው ደረጃ ነው» ብሎ ያዛምዳል፣ አለቀ። የኢስቶኒያው ኤክስ ሮድም እንዲሁ ነው። ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው ሁሉን የሚውጥ አንድ ዳታቤዝ ይዞ አይደለም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን መረጃ ይዞ፣ ሲጠየቅና ፈቃድ ሲኖር ብቻ ይሰጣል፤ ማን ምን እንደጠየቀም ይመዘገባል።

ኤፒአይ ለሚያመልኩትም አንድ ነገር ልጨምር። የክፍል ዝርዝር ለመለዋወጥ የወጣው ዋንሮስተር የተባለ ስታንዳርድ በኤፒአይም፣ ሲኤስቪ በሚባለው፣ ረድፍና ዓምድ ብቻ ባለው ተራ የጽሑፍ ፋይልም ይሠራል። የዓምዱ ስም፣ ኮዱና ቅደም ተከተሉ ከተስማማ ፋይሉ በፍላሽ ቢሄድም ይናበባል። በፍላሽ ላኩ ማለቴ ግን አይደለም፣ ፍላሽ ይጠፋል።

እዚህ ጋ ስልኩን የሚጠልፍ ሰው ይመጣል። መናበብ በተሳካ ቁጥር የልጆች መረጃ ብዙ ቦታ ይደርሳል። ኢንብሉም የተባለው የአሜሪካ ፕሮጀክት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አግኝቶ በ2013 ተጀመረ። የትምህርት ቤቶችን መረጃ አንድ ላይ አናብቦ ማስቀመጥ ነበር ዓላማው። የወላጆች ተቃውሞ በረታና በኤፕሪል 2014 ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። ወላጆቹ የጠየቁት ማን ያየዋል፣ ለምን፣ እስከ መቼ የሚለውን ነበር።

«ስሙን አጥፍተን እንልካለን» የሚል መልስም አይበቃም። ላታንያ ስዊኒ የተባለችው ተመራማሪ በ2000 ባወጣችው ሥራ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነው በፖስታ ኮድ፣ በጾታና በትውልድ ቀን ብቻ ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚችል አሳይታለች። ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ «8ኛ ክፍል፣ ሴት፣ ዓይነ ስውር፣ ብዛት 1» ብሎ ሰንጠረዥ የሚያወጣ ሰው ስሟን ባይጽፍም ጠቁሟታል። በትንሹ ቁጥር ፋንታ «ከ5 በታች» ብሎ መጻፍ የሚለመደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሻጩ ፕሮጀክተሩን አብርቶ «ሙሉ በሙሉ ተናባቢ ነው» ሲላችሁ ኤፒአይ አለው ወይ ብላችሁ አትጠይቁት፤ አለው። በአጋማሽ ዓመት የተዛወረች፣ አንድ ክፍል የደገመች፣ ስሟ በሁለት ዓይነት የተጻፈ ተማሪ በሙከራ መረጃ ይፍጠርላችሁ። ከዚህ ሲስተም ያውጣት፣ ከሌላ ድርጅት የተገዛ ሲስተም ውስጥ ያስገባት። ከዚያ ሁለቱንም ስክሪን ጎን ለጎን ክፈቱና ስንት ልጅ እንደሆነች፣ ሁኔታዋ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ ስንት ቀን እንደቀረች አንብቡ። «እሱን በኋላ በማኑዋል እናስተካክለዋለን» ካለ፣ ማን እንደሚያስተካክለውና በየስንት ጊዜው እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ።